ማሽኑ ጠፍቶም ውሃ ይሞላል፤ በርግጥ ቦርዱ ነው?

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰባት ኪሎ የሚያጥብ፣ በሩ ከፊት ለፊት የሆነ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለን። ሦስት ዓመት ያለ ችግር ሠርቷል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ውሃ መሙላት ከጀመረ ማቆም አይሆንለትም። ውሃው የበሩን መስታወት ግማሽ ያልፋል፤ ከዚያ ማሽኑ ራሱ መድፋት ይጀምራል፣ እየደፋም ይሞላል፣ በመጨረሻ የሆነ የስህተት ፊደል አውጥቶ ይቆማል። አንዳንዴ ማታ አጥፍተነው አድረን ጠዋት ውስጡ ውሃ ተኝቶ እናገኛለን። በሠፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በሌሎቹ ቀናት ግቢያችን ውስጥ አራት ሜትር በሚሆን የብረት ቆጥ ላይ ካለው ሮቶ እንጠቀማለን። ችግሩ የሚብሰው በሮቶ ውሃ ስናጥብ ነው። የመጣው ባለሙያ ብዙም ሳይነካካው «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» አለን። የጠራልን ዋጋ ግን አዲስ ማሽን ለመግዛት ምንም የማይቀረው ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?

ከአዲስ አበባ

መልስ

እህታችን፣ ቦርዱን፣ ማለትም ማሽኑን የሚያዝዘውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ለጊዜው አይግዙ። ባለሙያው ተሳስቷል ብለን ከሩቅ አንፈርድም፤ ቦርድ የሚቃጠልበት ጊዜ አለ። ያላማረን፣ አሥር ደቂቃ የሚወስደውንና ምንም ወጪ የሌለውን ፍተሻ ሳያደርግ ዋጋ መጥራቱ ነው። የጻፉልን ምልክት ደግሞ በአብዛኛው ወደ ሌላ ቦታ ነው የሚያመለክተው፤ ውሃ ወደሚያስገባው ቫልቭና ወደ ሮቶው።

አንዲት ነገር ሳያስቡት ነግረውናል፤ ውሃው ሲበዛ «ማሽኑ ራሱ መድፋት ይጀምራል» ብለዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማሽኑ ሳይታዘዝ ፓምፑን የሚያስነሳው የውሃውን ልክ የሚለካው ዕቃ «በዝቷል» ብሎ ሲነግረው ነው። ስለዚህ ለኪው እየሠራ ነው፤ ማሽኑ ውሃው እንደበዛ ያውቃል፣ ለማስወጣትም ይሞክራል። ችግሩ እያወቀም መግቢያውን መዝጋት አለመቻሉ ነው። መዝጋት ያልቻለው ደግሞ ከሁለት በአንዱ ምክንያት ነው፤ ወይ ቫልቩ አልዘጋ ብሏል፣ ወይ ቦርዱ ለቫልቩ ኤሌክትሪክ መስጠቱን አላቆመም። እነዚህን ሁለቱን የሚለየው ሶኬቱን መንቀል ብቻ ነው።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ስለ ጥንቃቄ። ማሽኑ ከልክ በላይ ሞልቶ ካገኙት መጀመሪያ የውሃውን መዝጊያ ይዝጉ፣ ቀጥሎ እጅዎን አድርቀው ሶኬቱን ይንቀሉ። ወለሉ ላይ ውሃ ፈስሶ ሶኬቱን ወይም ማከፋፈያውን ከነካው ግን ሳይነኩት በብሬከሩ ያጥፉት። በሩን ለመክፈት አይታገሉ፤ መስታወቱ ግማሽ ላይ የደረሰ ውሃ በሊትር ሲቆጠር ብዙ ነው፣ አንዴ ከተከፈተ መመለሻ የለውም። የሚወጣው ከታች ነው። ከፊት ለፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ በስተቀኝ ታችኛው ጥግ ላይ፣ ትንሽ ክዳን አለች። ከውስጧ ቡሽ ያለው ቀጭን ጎማ ካገኙ ቡሹን ነቅለው ዝቅ ባለ ሳፋ ላይ ያፍስሱ። ጎማ ከሌለ የፓምፑን ማጣሪያ ትንሽ በትንሽ ወደ ግራ እያላሉ፣ ሳፋው ሲሞላ መልሰው እያጠበቁ ያውጡት። በሙቅ ሲያጥብ ከነበረ ይቆዩና ይቀዝቅዝ፤ የ60 ዲግሪ ውሃ ቆዳ ይልጣል።

ስንት ውሃ ነው «በዛ» የሚባለው የሚለውም መታወቅ አለበት። በሩ ከፊት የሆነ ማሽን በባሕርዩ ውሃ ቆጣቢ ነው። እንደ እርስዎ ያለው ባለ ሰባት ኪሎ፣ ከማጠብ እስከ መጨረሻው ማለቅለቅ ድረስ በድምሩ ከ40 እስከ 60 ሊትር ገደማ ነው የሚወስደው፤ ይህም በየዙሩ ተከፋፍሎ ነው። በሚያጥብበት ጊዜ ውሃው በመስታወቱ ታችኛ ጠርዝ ላይ ብቻ ቢታይ፣ ወይም ጭራሽ ባይታይ፣ ጤናማ ነው። ሲያለቀልቅ ትንሽ ከፍ ይላል። የሱፍና የመጋረጃ ፕሮግራሞች ደግሞ ጨርቁ እንዳይጎዳ ብለው ብዙ ውሃ ስለሚወስዱ ፍተሻውን በእነርሱ አያድርጉ፤ በተለመደው የጥጥ ፕሮግራም ይሁን። በጥጥ ፕሮግራም የመስታወቱን አንድ ሦስተኛ ካለፈ ችግር አለ።

አሁን ወደ ፍተሻው። ችግሩ የሚብሰው በሮቶ ውሃ ከሆነ፣ ፍተሻውንም በሮቶ ውሃ ቀን ያድርጉት። ልብስ አይክተቱ፣ ሳሙናም አይጨምሩ። ማሽኑን አስነሥተው መሙላት ይጀምር። የሳሙና መሳቢያውን ሦስት ወይም አራት ጣት ያህል ሳብ ያድርጉና በስልክዎ መብራት ከላይ የሚወርደውን ውሃ ይመልከቱ። ውሃው እየወረደ ሳለ ሶኬቱን ይንቀሉ። የውሃው መዝጊያ እንደተከፈተ ይቆይ።

ቫልቩ ደኅና ከሆነ ውሃው በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀጥ ይላል። ሶኬቱ ተነቅሎም መውረዱን ከቀጠለ፣ ቀጥኖም ቢሆን፣ ወይም ጠብ ጠብ እያለ ቢሆን፣ ጥፋተኛው ቫልቩ ነው። ከሶኬት የተነቀለ ማሽን ቦርድ ምንም ሊያደርግ አይችልም። አሥር ደቂቃ ሙሉ ይጠብቁ፤ ጠዋት ተኝቶ የሚያገኙትን ውሃ የሚያጠራቅመው ይህችው ጠብታ ልትሆን ትችላለች።

ውሃው ወዲያው ከቆመ ገና አልጨረስንም። ሶኬቱን መልሰው ይሰኩና ፕሮግራሙን ይሰርዙ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ካቆሙበት የሚቀጥሉ ማሽኖች ስላሉ ይህን ካልሰረዙ ውጤቱ ያሳስትዎታል። ከዚያ በማሽኑ ቁልፍ አጥፍተው፣ ሶኬቱን እንደተሰካ ትተው ይጠብቁ። ምንም ሳያዝዙት፣ እንደጠፋ፣ ውሃ መውረድ ከጀመረ ባለሙያው ልክ ነው፤ ቦርዱ ላይ ያለው የቫልቩ ማብሪያ፣ ትራያክ የሚባለው ወይም ሪሌው፣ ተጣብቆ ቀርቷል። ጠፍቶ እያለ ምንም ካልወረደ፣ ሲያስነሡት ግን ሞልቶ ሞልቶ ካላቆመ፣ ነገሩ ወደ ውሃ ልክ ለኪው ሊሄድ ይችላል። እርስዎ ጋ ማሽኑ ሲበዛበት ራሱ ስለሚደፋ ይህ ሦስተኛው የሚሆን አይመስለንም፤ ለሌሎች አንባቢዎች ግን ዝቅ ብለን እንነካዋለን።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። ጠዋት የሚያገኙት ውሃ ንጹሕ ነው ወይስ የደፈረሰ፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸት? ንጹሕ ከሆነ በመግቢያው ነው የመጣው። ግራጫና ሽታ ያለው ከሆነ በመውጫው ተመልሶ ገብቷል ማለት ነው፤ የማሽኑ ማፍሰሻ ከዕቃ ማጠቢያው ጋር በአንድ ቱቦ ሲገናኝና ቱቦው ሲዘጋ እንዲህ ይሆናል። ያኔ ቫልቭም ቦርድም ሳይነኩ ቱቦውን ማስጠረግ ይበቃል።

የስህተት ፊደሉን የትኛው እንደሆነ አልነገሩንም። በኤልጂ ማሽኖች ላይ «ኤፍ ኢ» ውሃ ከልክ በላይ ሞላ ማለት ነው፣ «ፒ ኢ» የውሃ ልክ ለኪው ተበላሸ፣ «ኦ ኢ» ደግሞ ውሃው አልወጣ አለ። በሳምሰንግ ግን ያው «ኦ ኢ»፣ በአዲሶቹ ደግሞ «ኦ ሲ»፣ ውሃ በዛ የሚል ነው። ጎረቤት በነገረው ፊደል ተመርቶ ደኅናውን ፓምፕ ያስቀየረ ሰው አይጠፋም፤ ከራስዎ ማሽን መመሪያ ላይ ያመሳክሩት።

ቫልቩ ለምን አይዘጋም?

ከማሽኑ ጀርባ የውሃው ጎማ የሚታሰርበት የፕላስቲክ ዕቃ ነው ቫልቩ። ውስጡ ከአንድ ብር ሳንቲም ብዙም የማይበልጥ ክብ ጎማ አለ፣ ዲያፍራም ይባላል። ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ መሐሉ ላይ፣ ሌላው ዳሩ ላይ። የዳሩ መርፌ የማያስገባ ሊባል የሚችል ቀጭን ነው። የመሐሉን በስፕሪንግ የሚገፋ ትንሽ የብረት ዘንግ ደፍኖታል። ከቧንቧው የመጣው ውሃ በዳሩ ቀዳዳ ሾልኮ ከዲያፍራሙ በላይ ይሞላና በራሱ ግፊት ዲያፍራሙን ወደ ታች ተጭኖ መንገዱን ይዘጋል። ማሽኑ ውሃ ሲፈልግ ኮይሉ፣ በዘንጉ ዙሪያ የተጠቀለለው ሽቦ፣ ኤሌክትሪክ ያገኛል፣ ዘንጉን ወደ ላይ ይስበዋል፣ የመሐሉ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ከላይ የነበረው ግፊት ይተነፍሳል፣ ዲያፍራሙም ተነሥቶ ውሃው ያልፋል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ዘንጉ ይወርዳል፣ ከላይ እንደገና ግፊት ይጠራቀማል፣ መንገዱ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ቫልቩን የሚዘጋው ኤሌክትሪክ አይደለም፣ ስፕሪንጓም ብቻዋን አትችልም። የሚዘጋው የውሃው የራሱ ግፊት ነው። ሁለቱ የቤታችን ችግሮች የሚገቡት በዚህ ነው።

አንደኛው ደለልና ዝገት ነው። ውሃ በፈረቃ ሲሆን መስመሩ ባዶ ሆኖ ይቆይና ውሃው ሲመለስ የቱቦውን ዝገትና አሸዋ ጠርጎ ያመጣል፤ የመጀመሪያው ባልዲ ደፍርሶ እንደሚወርድ ያውቁታል። ሮቶው ሥር የተኛው ዝቃጭም እንዲሁ ነው። የቫልቩ ወንፊት ትልልቁን ይይዛል፣ ደቃቁ ግን ያልፋል። ከደቃቁ አንዲት ቅንጣት የዳሩን ቀጭን ቀዳዳ ከደፈነች ከላይ ግፊት አይጠራቀምም፤ ዲያፍራሙና መቀመጫው መካከል ከገባች ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። የመጀመሪያው ውሃውን እንደ ቧንቧ ያፈሰዋል፣ ሁለተኛው ጠብ ጠብ ያደርገዋል። ድሬዳዋ ላሉ አንባቢዎቻችን በዝገቱ ፈንታ ኖራው ነው ይህን የሚያደርገው።

ሁለተኛው የግፊት ማነስ ነው፤ የእርስዎ ደብዳቤም ይህን ይሸታል። ውሃ በአሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ሮቶዎ አራት ሜትር ቆጥ ላይ ነው፣ የማሽኑ ቫልቭ ከወለል አንድ ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ስለዚህ ሮቶው ሊያልቅ ሲል የሚቀርዎት የሦስት ሜትር ግፊት ነው፤ 0.3 ባር። ሙሉ ሲሆን 0.4 ምናልባት ትንሽ ከዚያ በላይ ይደርሳል። ብዙ ማሽኖች ደግሞ ቢያንስ 0.5 ባር፣ አንዳንዶቹም 1 ባር ይጠይቃሉ። በመመሪያው ላይ ወይም ጀርባው ላይ ባለው ጽሑፍ በሜጋ ፓስካል ነው የሚጻፈው፤ 0.05 ሜጋ ፓስካል ማለት 0.5 ባር ነው፣ 0.1 ማለት አንድ ባር። ግፊቱ ከዚህ ሲያንስ ደኅና ቫልቭም ቢሆን ዲያፍራሙን የሚጫነው ኃይል ስለማያገኝ ሳይዘጋ ይቀራል። ማሽኑ በመስመር ውሃ ቀን ሻል ብሎት በሮቶ ቀን የሚብስበት ለዚህ ነው። ቦርድ ቢሆን ኖሮ ውሃው ከየት እንደመጣ አይለይም ነበር።

ምን ያድርጉ?

መጀመሪያ ወንፊቱን ያጽዱ፣ ይህ ካቻቢቴ እንኳ አይጠይቅም። መዝጊያውን ይዝጉ፣ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ከጀርባው ባልዲ አስቀምጠው ጎማውን በእጅ ፈትተው ያውጡ። ካልፈታ ጨርቅ ጠቅልለው በፒንሳ ቀስ ብለው ይሞክሩ፤ የቫልቩ ጥርስ ፕላስቲክ ስለሆነ ከታገሉት ይሰበራል። ቫልቩ አፍ ውስጥ የምትታየውን ወንፊት መሐሏ ላይ ባለችው ጫፍ በፒንሳ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡ። በጥርስ ብሩሽ ይጠቧት፤ ኖራ ከያዛት አንድ ሰዓት አቼቶ ውስጥ ትንከር። ቧንቧው በኩል ያለው የጎማው ጫፍም አንዳንዴ ወንፊት አለውና ይመልከቱ። ወንፊቷን አውጥተው «ውሃው ይፈጥንልኛል» ብለው የሚጥሉ ሰዎች አሉ፤ ቫልቭ በየጊዜው የሚቀይሩትም እነርሱ ናቸው።

ጎማውን ከመመለስዎ በፊት መዝጊያውን ከፍተው ባልዲ ውስጥ ጥርት እስኪል ያፍስሱ። ሲያስሩ በእጅ ጥብቅ ካደረጉ በኋላ በፒንሳ ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ። ቴፍሎን አያስፈልግም፤ ውሃውን የሚይዘው ጎማው ውስጥ ያለችው የላስቲክ ቀለበት ናት፣ እርሷ ከደረቀች ትቀየር።

ቀጥሎ በመስመር ውሃ ቀን፣ ግፊቱ ጠንከር ባለበት ሰዓት፣ ማሽኑን ለአንድ ደቂቃ አስሞልተው ማቆም፣ መልሶ ማስሞላት፣ ይህን አምስት ስድስት ጊዜ ይደጋግሙ። ቅንጣቷ መቀመጫው ላይ ብቻ ያረፈች ከሆነ ውሃው ራሱ ጠርጎ ሊያወጣት ይችላል። ከዚያ ሶኬት የመንቀሉን ፍተሻ ይድገሙ። በመስመር ውሃም ካልዘጋ ቫልቩ መቀየር አለበት። በመስመር ውሃ ዘግቶ በሮቶ ብቻ ካልዘጋ ቫልቩ ላይ አይፍረዱ፣ ግፊቱን ነው የሚያስተካክሉት።

ቫልቩን ፈትቶ ማጽዳት ይቻላል ወይ የሚሉ አሉ። በብሎን የሚከፈቱ ቫልቮች አሉ፣ አብዛኞቹ ግን ተጣብቀው ነው የሚሠሩት፤ በግድ ከተከፈቱ ተመልሰው አይገጥሙም። ቫልቭ ከማሽኑ መለዋወጫዎች ርካሽ ከሚባሉት ስለሆነ አዲስ መግዛቱ ይሻላል። አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ በስልክ መግለጽ አይበቃም። ከአሮጌው ጋር መመሳሰል ያለባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፤ የመውጫው ቁጥር (አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት)፣ የመውጫው አቅጣጫ (ቀጥ ያለ ወይስ የታጠፈ)፣ የመውጫው ስፋት፣ የሚታሰርበት የብሎን ቦታ፣ እና ኮይሉ ላይ የተጻፈው ቮልት። ከ220 እስከ 240 ቮልት የሚል መሆን አለበት፤ ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ የ120 ቮልት ቫልቭ እኛ ቤት ተሰክቶ ብዙ አይቆይም። ቫልቩ ላይ የግፊት መጠንም ይጻፋል። 0.02 ሜጋ ፓስካል ብሎ የሚጀምር ካገኙ ለሮቶ ተጠቃሚ የተሻለው እርሱ ነው፤ በ0.2 ባር ይዘጋልና። ሲመርጡ ይህን ቁጥር ይፈልጉት፣ ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ቢልዎትም።

ሲቀየር የላይኛው ክዳን በጀርባ በኩል በሁለት ብሎን ተይዟል፤ ፈትተው ወደ ኋላ ገፋ፣ ከዚያ ወደ ላይ ማንሣት ነው። ምንም ሳይነቅሉ በስልክዎ ሁለት ሦስት ፎቶ ያንሡ። የእያንዳንዱ ኮይል ሽቦ የራሱ ነው፤ ካለዋወጡት ማሽኑ ይሠራል፣ ግን ሳሙና ባለበት ክፍል መሄድ ያለበት ውሃ ማለስለሻው ክፍል ውስጥ ይወርዳል፣ ልብሱም ሳሙና ሳያገኝ ይታጠባል። የውስጥ ጎማዎቹን የያዙትን የስፕሪንግ ቀለበቶች በፒንሳ ጨምቆ ማንሸራተት ይበቃል። አዲሱን ካሰሩ በኋላ ክዳኑን ሳይመልሱ፣ ሶኬቱንም ሳይሰኩ፣ ውሃውን ከፍተው አሥር ደቂቃ ይጠብቁና መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት ይንኳቸው። ሶፍቱ ከረጠበ ክዳኑን አይዝጉ።

ግፊቱን ለማስተካከል ቆጡን ማስረዘም አይመከርም፤ አንድ ባር ለማግኘት አሥር ሜትር መውጣት ነው፣ በዚያ ላይ 2000 ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ይመዝናል። መፍትሔው ከሮቶው በኋላ የሚገጠም ትንሽ ፓምፕ ነው፣ ቧንቧ ሲከፈት የሚነሣ ሲዘጋ የሚቆም አውቶማቲኩ። ግማሽ ፈረስ ጉልበት ለአንድ ቤት ይበቃል። ከ1.5 እስከ 2.5 ባር ላይ ከተስተካከለ ማሽኑም ሻወሩም ደስ ይላቸዋል። ፓምፑን ከሮቶው ያገናኙት እንጂ ከመንገድ መስመሩ በቀጥታ አይደለም፤ ከመስመር መሳብ የጎረቤትን ውሃ ከመንጠቁም በላይ በተሰነጠቀ ቱቦ ቆሻሻ ይስባል። ከፓምፑ በፊት የሚታጠብ የሽቦ ወንፊት ያስገቡ። ጥቅጥቅ ያለውን የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ግን እዚያ አይግጠሙ፤ በሮቶ ግፊት ውሃውን ጭራሽ ያንቀዋል።

ፓምፑ አሁን አቅም ካልፈቀደ ትልቁን እጥበት የመስመር ውሃ ወደሚመጣበት ቀን ያዙሩት፣ እጥበቱ ባለቀ ቁጥርም መዝጊያውን በእጅ ይዝጉት። ይህን ፓምፕ ያለው ሰውም ሊለምደው ይገባል፤ ሌሊት ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ የመስመሩ ግፊት ሲጨምር ማሽኑ ጀርባ ያለች ደካማ ጎማ የምትፈነዳው ያኔ ነው። ሮቶውንም በየስድስት ወሩ አስጥበው ሥሩ ያለውን ዝቃጭ ያስወጡ።

በርግጥ ቦርዱ ሆኖ ቢገኝስ? ያኔም ሙሉ ቦርድ መግዛት የመጀመሪያው ምርጫ አይደለም። የተጣበቀችው ትራያክ ከቦርዱ ላይ ተነቅላ የምትቀየር ትንሽ ዕቃ ናት፤ ቦርድ የሚጠግን የኤሌክትሮኒክስ ሠራተኛ ይሠራታል። አስቀድሞ ግን የቫልቩን ኮይል በመልቲ ሜትር ያስለኩ። የ220 ቮልት ኮይል ብዙውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 4.5 ኪሎ ኦም ያሳያል። ከዚህ እጅግ ያነሰ ከሆነ ትራያኳን ያቃጠለው ኮይሉ ራሱ ሊሆን ይችላል፣ ቫልቩ አብሮ ካልተቀየረ አዲሷንም ያቃጥላታል። ሌላው የቦርድ ጠላት መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚዘለው ቮልቴጅ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ነቅሎ ከተመለሰ አምስት ደቂቃ በኋላ መሰካት ልማድ ይሁን። ስታብላይዘር ለሚገዙ፣ ውሃ የሚያሞቅ ማሽን ሁለት ኪሎ ዋት ያህል ስለሚስብ የቴሌቪዥኑ ትንሽዬ አትችለውም።

ማሽናቸው ራሱ ሳይደፋ ዝም ብሎ እስከ ላይ ለሚሞላባቸው

ለእናንተ የሚጠረጠረው ለኪው ነው። ከበርሜሉ ሥር አየር የሚታፈንባት ትንሽ ዕቃ አለች፣ ከእርሷ ቀጭን ጎማ ተነሥቶ ላይ ወዳለው ክብ ለኪ ይሄዳል። ውሃው ሲጨምር የታፈነው አየር ይጨመቃል፣ ለኪው በአየሩ ግፊት የውሃውን ልክ ያውቃል። ጎማዋ ከተሰነጠቀች፣ ከወለቀች፣ ወይም ሥሯ በሳሙና ዝቃጭና በጨርቅ ብናኝ ከተደፈነ ማሽኑ ባዶ ነኝ ብሎ ይሞላል። መጀመሪያ በትክክል ሞልቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደጋግሞ የሚጨምር ከሆነ አየሩ በቀስታ እየተነፈሰ ነው፤ ጎማዋን አውጥታችሁ አንዱን ጫፍ በጣት ይዛችሁ ውሃ ውስጥ እየነከራችሁ ንፉባት፣ አረፋ በወጣበት ቦታ ተቀዷል። ወደ በርሜሉ በኩል በአፍ ንፉ፣ በውስጡ ትንሽ ውሃ ካለ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ወደ ለኪው በኩል ግን በኮምፕሬሰር አየር በፍጹም፤ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ይቀደዳል። በአሮጌዎቹ ለኪዎች ላይ በቀስታ በአፍ ሲነፋ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሦስት ሽቦ ያላቸው አዲሶቹ ድምፅ የላቸውም፣ እነርሱን በሌላ ደኅና ለኪ ቀይሮ መሞከር ነው የሚያዋጣው።

ውሃ እየገባ ልኩ ግን ከፍ የማይል፣ ቆጣሪው ብቻ የሚሽከረከር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው። የማፍሰሻው ጎማ ወለል ላይ ወርዷል፣ ውሃው እንደገባ ይወጣል። ጫፉ ከወለል ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀል፣ ቱቦ ውስጥም ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ አይግባ፣ ዙሪያውም በፕላስተር አይታፈን፣ አየር ይፈልጋል።

አረፋ መስታወቱን ሞልቶት «ውሃ በዛ» የሚሉንም አሉ። ለእጅ እጥበት የተሠራ ኦሞ በዚህ ዓይነት ማሽን ውስጥ አረፋው አያባራም፣ ለኪውንም ያሳስተዋል። ለማሽን የተሠራውን ይግዙ፤ ያለው የእጁ ብቻ ከሆነ መጠኑን እጅግ ይቀንሱ። አረፋው ሞልቶ ከተያዘ ያለ ሳሙና የማለቅለቅ ፕሮግራም ከግማሽ ሲኒ አቼቶ ጋር ይሂድበት።

እህታችን፣ ሶኬት የመንቀሉን ፍተሻ ሁለት ጊዜ ያድርጉት፤ አንዱን በሮቶ ቀን፣ አንዱን በመስመር ቀን። ውጤቱን፣ የስህተት ፊደሉንና ቫልቩ ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር ከላኩልን የትኛውን ቫልቭ እንደሚገዙ እንነግርዎታለን። ባለሙያውን መልሰው ከጠሩም ሶኬቱ ተነቅሎ ውሃው ሲወርድ በዓይኑ ያሳዩት፣ ስለ ቦርዱ ከዚያ በኋላ ይነጋገሩ።